ቼክ ኢንጂን ለበራባችሁ፦ የብሉቱዟ ኦቢዲ (የመኪና ብልሽት ኮድ ማንበቢያዋ) ትጠቅማለች ወይ?

የምነዳው ኮሮላ ነው፣ የ2005 ሞዴል፣ ከአውሮፓ የገባ፣ ከኔ በፊት ስንት ሰው እንደነዳው እግዜር ይወቀው። ዘጌ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ ስመለስ ኮረኮንቹ ላይ ከስር አንዴ ጓ አለ፣ ዝም ብዬ ነዳሁ፣ ከሁለት ሶስት ቀን በኋላ ቢጫዋ መብራት ቦግ። መኪናው አይንቀጠቀጥም፣ ጉልበቱም ያው ነው፣ ቤንዚንም አልጨመረም (በዚህ የቤንዚን ሰልፍ ቢጨምርማ ወዲያው ነበር የማውቀው)።

አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፣ ስሙን ተዉት። ልጁ ማሽኑን ሰካ፣ ፒ 0420 የሚል የብልሽት ኮድ አወጣ፣ ሁለት ደቂቃም አልፈጀ፣ "እህቴ ካታላይዘሩ ሞቷል ይቀየር" አለኝ፣ ጭስ መውጫው መስመር ላይ ሆኖ መርዛማውን ጭስ የሚያጣራውን ማለቱ ነው። ስንት? 48 ሺ፣ እሱም ያገለገለ። ካልሆነ ውስጡን አራግፈን ባዶውን እንመልሰዋለን አለ፣ የሚራገፈውን ምን ልታደርጉት ነው ስለው ወሬ ቀየረ። ፕላቲኒየም ፓላዲየም ሮዲየም የሚባሉ ውድ ብረቶች ያሉበት ነገር ነው እሱም ያውቃል እኔም አውቃለሁ። ባዶ ከሆነ ደግሞ መብራቷ ጭራሽ አትጠፋም። ላስብበት ብዬ ወጣሁ።

የእህቴ ባል ነው ኦቢዲ ግዢ ያለኝ። በቴሌግራም ከአዲስ አበባ አስላክኩ፣ ከነማስላኪያው 1,800 ብር፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ነገር ናት። ከመሪው ስር 16 ቀዳዳ ያለው ሶኬት አለ፣ እዛ ሰክታችሁ ስልኩን በብሉቱዝ ማገናኘት ነው፣ የይለፍ ቁጥር ከጠየቀ 1234፣ ከዛ ቶርክ የሚባለውን አፕ መክፈት። የብልሽት ኮዱንማ ማንም ያነበዋል፣ እኔ የወደድኩላት ግራፏን ነው።

ምክንያቱም 0420 ካታላይዘሩ ሞተ አይልም እኮ! የሚለው "ስራው ከሚጠበቀው በታች ሆኖ ታየኝ" ነው፣ የመኪናው ኮምፒውተር ይሄን ያየው ደግሞ በኋለኛው ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ሁለት ሴንሰር አለ፣ አንዱ ከካታላይዘሩ በፊት አንዱ በኋላ፣ የፊተኛው ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ሽቅብ ቁልቁል ይላል (አንዳንድ መኪና ላይ የፊተኛው ኤርፊዩል የሚባለው አይነት ስለሆነ ቁጥሩ ሌላ ነው)፣ ካታላይዘሩ ጤነኛ ከሆነ ኦክስጅኑን ይዞ ስለሚለቅ የኋለኛው 0.6፣ 0.7 አካባቢ ረጋ ብሎ ይቀመጣል። የሞተ ከሆነ የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ አብሮት ይዘላል።

የኔን ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አየሁት። 2,500 ዙር ላይ ይዤ ስረግጠው የኋለኛው ቀጥ ያለ መስመር፣ 0.7። ሚኒሞ ላይ ስለቀው ግን ድንገት ወደ 0.1 ዝቅ ይላል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ዝቅ። የሞተ ካታላይዘር ሚኒሞ ላይ ብቻ እየመረጠ አይሞትም ብዬ አሰብኩ። የሆነ ቦታ አየር እየገባ ነው፣ ሴንሰሩ የዚያን አየር ኦክስጅን ከጭሱ የመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል።

አየሩ የት ጋ እንደሚገባ እቺ ዕቃ አትነግራችሁም፣ ጆሮ ነው የሚፈልገው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የጎረቤት ልጅ የጭስ መውጫውን በጨርቅ ያዝ ያዝ አድርጎልኝ እኔ ከጎን ተንበርክኬ ሰማሁ፣ ፍስስስ ይላል። በባትሪ ሳይ ከካታላይዘሩ ፊት ያለው መጋጠሚያ ላይ ጥላሸት እንደ ጣት አሻራ ተለጥፏል። አባይ ማዶ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) የሚሰሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ገና ጎንበስ ብለው እንዳዩት "ልጄ ጋስኬቱ ተበልቷል፣ አንዱ ቡሎንም የለም፣ የት ጣልሽው?" አሉኝ። ዘጌ መንገድ ላይ ነዋ። ጋስኬት ቡሎን የእጅ ተጨምሮ 1,200 ብር።

ኮዱን በስልኬ አጠፋሁት፣ ግን በዛው ቀን አትፈንድቁ፣ መብራቱ ብዙ ጊዜ የሚበራው በሁለት ተከታታይ ጉዞ ፈተናውን ሲወድቅ ነው። አፑ ውስጥ የካታላይዘሩ ምርመራ ተጠናቋል እስኪል መንዳት ነው፣ እኔ በአዲሱ የአባይ ድልድይ ስመላለስ ስድስት ቀን ፈጀብኝ፣ ተጠናቀቀ፣ መብራትም የለም። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱም ይቺን ምርመራው ተጠናቋል አልተጠናቀቀም የምትለውን ገጽ እዩዋት፣ ሁሉም አልተጠናቀቀም ካለ ወይ ባትሪ ተነቅሏል ወይ ሰውየው ጠዋት ኮድ አጥፍቶ ነው የመጣው።

ችግሯን ልናገር። አንዳንዴ መሃል ላይ ግንኙነቷ ይቋረጣል፣ የኔዋ አይነት ደግሞ አይፎን ላይ እምቢ ትላለች። ሰክታችሁ አትርሱ፣ እኔ ከአርብ እስከ ሰኞ ትቻት ባትሪ ጨርሳ ተገፍቼ ነው የተነሳሁት። ከጃፓን በቀጥታ በገባው የእህቴ ቪትዝ ላይ ጭራሽ አልሰራችም፣ የድሮ ዲኤክስ ያላችሁ ደግሞ ሶኬቱም የላችሁ አትልፉ። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግራፍ ምናምን ተዉትና ጥግ ያዙ፣ ሚስፋየር ነው (ሲሊንደሩ ቤንዚኑን በደንብ ሳያቃጥል እየቀረ ነው)፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጤነኛውን ካታላይዘር ያኔ ነው የሚያቃጥለው።

ከ5 አራት ሰጥቻታለሁ። ሰፈሩ ሁሉ እየተዋሰኝ ነው፣ ሃሙስ የወሰደው ባለ ያሪስ እስካሁን አልመለሰም።