ጉግል ስኮላር፦ የአንድ አገር የኳንተም ተመራማሪዎችን ለመመዘን ምን ያህል ይረዳል?

ለመነሻ ከጉግል ስኮላር፣ ማለትም ከጉግል የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ፣ የተሻለ ነጻ መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል። ተመራማሪዎችን በአገር አይለይም፤ ስለዚህ በተቋም በኩል ይግቡ። ኦስትሪያን ከፈለጉ፣ የአንድ የኢንስብሩክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪን ገጽ ከፍተው የተቋሙን ስም ይጫኑ። የተቋሙ ተመራማሪዎች ስሞች፣ ሥራዎቻቸው በሌሎች ጽሑፎች በተጠቀሱበት ብዛት ተደርድረው ይመጣሉ። ገጹን የሚፈጥረው ግን ተመራማሪው ራሱ ነው፤ ካልፈጠረ፣ የቱንም ያህል አንቱ የተባለ ቢሆን፣ ዝርዝሩ ውስጥ አያገኙትም። የሞክሼዎች ሥራም አንዳንዴ ይደባለቃል።

ኤች-ኢንዴክስን ብቻውን አይመኑ። የአንድ ተመራማሪ ኤች-ኢንዴክስ 40 ነው ማለት ቢያንስ 40 ጊዜ የተጠቀሱ 40 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ቁጥሩ ከዕድሜ ጋር ያድጋል እንጂ አይቀንስም፤ ታላቅ ሥራንም ይውጣል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሲራክና ዞለር እ.ኤ.አ. በ1995 በወጥመድ በተያዙ አዮኖች (የኤሌክትሪክ ሙል ባላቸው አቶሞች) የኳንተም ስሌት ማስላት እንደሚቻል ያሳዩበት ጽሑፍ ለአንድ አዲስ መስክ በር ከፍቷል። በኤች-ኢንዴክስ ግን የሚቆጠረው እንደ አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው!

ስለዚህ የሚመዝኑትን ተመራማሪ ሦስት ዋና ሥራዎች ይምረጡና የጠቀሷቸውን ጽሑፎች ከፍተው ይዩ። ጠቃሾቹ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ናቸው ወይስ የራሱ ቡድን አባላት? ስኮላር ራስን መጥቀስን አይቀንስም፤ ይህን ማጣራት የእርስዎ ሥራ ነው። በተመራማሪው ገጽ ላይ ያለውን የቅርብ ዓመታት ጥቅሶች ዓምድም ከጠቅላላው ጋር ያስተያዩ።