ቀይ የኤልኢዲ የማማ መብራት፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ባለው የመገናኛ ማማ የነበሩትን ባለ ክር አምፖሎች አውርደን በኤልኢዲ መብራት ከተካን የዝናቡም የደረቁም ወቅት አልፎበታል። ማማው 90 ሜትር ገደማ ይረዝማል። መብራቱን ወድጄዋለሁ። ከመብራቱ ይልቅ ገንዘቡ አልባከነም ያሰኘኝ ግን ማማው እግር ሥር ያለው የመቆጣጠሪያ ሳጥን ነው። ለአውሮፕላን እንቅፋት የሚሆን ነገር ላይ የሚሰቀል መብራት ማብራቱ ብቻ አይበቃም፤ ሲጠፋ ራሱ መናገር አለበት። ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ።

ጫፉ ላይ የሰቀልነው በአይካኦ (በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) አመዳደብ መካከለኛ ብርሃን ዓይነት ቢ የሚባለው ነው። ቀይ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ጉልበቱ 2,000 ካንዴላ (የብርሃን ጉልበት መለኪያ) ነው፤ በደቂቃ ከ20 እስከ 60 ጊዜ እንዲበራ ይፈቀዳል። በዚህ ዓይነት መብራት ሲሠራ ከ45 ሜትር ለሚበልጥ ማማ የጫፉ ብቻ ስለማይበቃ፣ መካከል ላይ ሳያቋርጡ የሚበሩ 32 ካንዴላ ቀይ መብራቶች ዙሪያውን አሉ። ቀን ቀን ሥራውን የሚሠራው ማማው የተቀባው ቀይና ነጭ ቀለም ነው። ማማችሁ ከ150 ሜትር በላይ ከሆነ ግን ይህ ግምገማ ብዙም አይጠቅማችሁም። እዚያ የሚመከረው ቀን ላይ 200,000 ካንዴላ የሚያወጣው ነጭ መብራት ነው፤ እሱ ሌላ ዕቃ፣ ሌላም ወጪ ነው።

የኤሌክትሪክ ፍጆታውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የድሮው የጫፍ መብራት ውስጥ እያንዳንዳቸው 620 ዋት የሆኑ ሁለት አምፖሎች ነበሩ፤ አዲሱ መቶ ዋት እንኳ አይደርስም። መብራት ኃይል ሲቋረጥ በባትሪ ሌሊቱን ማደር የቻልነው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ቀድሞ የጫፉ አምፖል መቃጠሉን የምናውቀው ጥበቃው ቀና ብሎ ሲያይ ነበር። ጭጋግ በወረደበት ሌሊት ግን ቀና ብሎም የሚታይ ነገር የለም፤ መብራቱ ለአብራሪው ይበልጥ የሚያስፈልገውም እንዲህ ባለው ሌሊት ነው። በአሜሪካ ደንብ የማማ ባለቤት መብራቱን ቢያንስ በ24 ሰዓት አንዴ በዓይን ማየት፣ ካልሆነም በራሱ የሚያሳውቅ መሣሪያ ማስገባት አለበት። የጫፉ መብራት ተበላሽቶ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየ ደግሞ ወዲያው ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለአብራሪዎች ኖታም የሚባለው ማስጠንቀቂያ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰላሳ ደቂቃ የሚለውን ካነበብኩ በኋላ በጥበቃ ዓይን መተማመን አላስቻለኝም።

አዲሱ መቆጣጠሪያ ወደ እያንዳንዱ መብራት የሚሄደውን ከረንት ይለካል። ልኩ ከተቀመጠለት ወሰን ሲወጣ የአላርም ሪሌዩን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማገናኛና ማቋረጫ) ይከፍታል፤ ምልክቱም ከጄኔሬተሩና ከባትሪው አላርም ጋር አብሮ ወደ መከታተያ ክፍላችን ይደርሳል። ሪሌዩ በደህናው ጊዜ ተዘግቶ የሚቆይ፣ ችግር ሲመጣ የሚከፈት መሆን አለበት። ተቃራኒው ከሆነ የአላርሙ ሽቦ ሲቆረጥ ሁሉም ደህና ይመስላል። የተረከብን ዕለት ፊውዝ እየነቀልን፣ ሽቦውንም እየፈታን ሞክረነዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ነግሮናል።

እውነተኛው ፈተና የመጣው በኋላ ነው። አንድ ሌሊት የጫፉ መብራት አላርም ሰጠ፤ ከታች ሆነን ስናየው ግን እንደ ወትሮው ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ጠዋት ባለሙያው ሲወጣ በአንድ በኩል ያሉት ኤልኢዲዎች ጠፍተው አገኛቸው። ከዚያ አቅጣጫ የሚመጣ አብራሪ የሚያየው ብርሃን አልነበረም ማለት ነው፤ እኛ የቆምነው በበራው በኩል ነበር። ባለ ክር አምፖል ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል፤ ኤልኢዲ ግን በከፊል ይሞታል። ስለዚህ አላርም የሌለው የኤልኢዲ መብራት ከድሮው ይልቅ ያታልላል ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። የተበላሸው ክፍል በዋስትናው ተተክቶልናል።

ካታሎጉ ላይ የተጻፈውን 100,000 ሰዓት ዕድሜም በጥንቃቄ አንብቡት። በሌሊት 12 ሰዓት ቢበራ ከ22 ዓመት በላይ ይሆናል፤ ያስደስታል። ሆኖም የኤልኢዲ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ብርሃኑ ወደ 70 በመቶ እስኪወርድ ነው። የ2,000 ካንዴላ 70 በመቶ 1,400 ነው፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ አይበቃም። ሻጩን ስንት ዓመት እንደሚበራ ብቻ ሳይሆን ስንት ዓመት ከሚፈለገው ጉልበት ሳይወርድ እንደሚቆይ ጠይቁት። በዚያ ላይ አቧራና የወፍ ኩስ መስታወቱን ይሸፍኑታል። ከረንቱ ስለማይቀየር ይህን አላርሙ አያውቀውም፤ ወጥቶ በለስላሳ ጨርቅ ከመወልወል ሌላ መላ የለውም።

ብዙ ገዢ የማያስበው ሌላ ነገር የሌሊት ማያ መነጽር ነው። የሕክምናና የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። ብዙ መነጽሮች የሞገድ ርዝመቱ ከ665 ናኖሜትር በታች የሆነውን ብርሃን የሚያግድ ክፍል ቢ የሚባል ማጣሪያ አላቸው። የቀይ ኤልኢዲ ብርሃን ያለው ከዚያ በታች ነው። ባለ ክር አምፖል ከቀዩ ጋር ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃንም ስለሚረጭ በመነጽሩ ይታይ ነበር፤ ተራ ቀይ ኤልኢዲ ግን ለባዶ ዓይን ቦግ ብሎ እየታየ በመነጽሩ ሊሰወር ይችላል። የእኛ የጫፍ መብራት ኢንፍራሬድ ተጨምሮበታል። ባለሙያው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በስልክ ካሜራ ያየዋል፤ ዓይን የማያየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ይህን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው የሰውን ነፍስ ለአደጋ እየተወ ነው።

ሲመሽና ሲነጋ ብርሃኑን ለይቶ መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው ፎቶሴል መጀመሪያ አስቸግሮን ነበር። የገጠመው ሰው የግቢው መብራት በሚያርፍበት ቦታ ስላደረገው ሲመሽ ዘግይቶ ያበራ ነበር። ፀሐይም ሌላ መብራትም በቀጥታ ወደማያገኘው አቅጣጫ ዞሮ ተስተካክሏል። ፎቶሴሉ ሲበላሽ መብራቱ በርቶ እንዲቀር መደረጉን ወድጄዋለሁ። ከከባድ መብረቅ በኋላም የተቃጠለው ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ግፊትን የሚከላከለው የሰርጅ መከላከያ ብቻ ነው። እሱም ከታች ሳጥኑ ውስጥ ስላለ ማንም ማማ ላይ ሳይወጣ ተተካ።

የነፋስ ተርባይን ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በአንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ያሉ መብራቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ብልጭ ማለት አለባቸው፤ ያኔ ነው አብራሪው የቦታውን ስፋት እንደ አንድ እንቅፋት የሚያየው። ይህ መብራት ሰዓቱን በጂፒኤስ ያስተካክላል። አጠገብ ባለው ሁለተኛ ማማችን ላይ ሞክረነው አብረው ይበራሉ፤ አንቴናው በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በነበረ ጊዜ ግን ቀስ በቀስ ተለያይተው ነበር።

ቅር ያሰኘኝ የመካከለኞቹ መብራቶች ጉዳይ ነው። አላርማቸው አንድ ላይ ስለተያያዘ የትኛው እንደጠፋ የሚታወቀው ሲወጣ ብቻ ነው። ሳያቋርጥ የሚበራ ቀይ ብርሃን ሌሊት የሚሰደዱ ወፎችንም ወደ ማማው ይስባል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በዚህ ምክንያት በ2015 መመሪያውን ቀይሮ የማያቋርጠው መብራት እንዲቀር ወይም ብልጭ የሚል እንዲሆን በር ከፍቷል። ለሁለተኛው ማማ ለእያንዳንዱ መብራት የየራሱ አላርም ያለው ሳጥን አዝዣለሁ፤ መካከለኞቹን ብልጭ የሚሉ ለማድረግ ደግሞ ለሲቪል አቪዬሽን ጥያቄ አስገብቼ መልስ እየጠበቅኩ ነው።