ባለ 15 ዋቷ የጊታር አምፕ ለሰርግ ትበቃለች ወይ? ከሰባት ወር በኋላ

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ሰርግ ሠርተን ኬብል ስንጠቀልል፣ ሳውንድ የሚይዝልን ሰውዬ ጠጋ ብሎ «ለሚቀጥለው ጊታርህን ቀነስ አድርግልኝ፤ ዘፋኙን እየሸፈንከው ነው» አለኝ። ያልሰማሁ መስዬ ደግሜ አስባልኩት። ቀንስ! ጥቅምት ላይ ይህችኑ አምፕ፣ የጊታር ድምፅ ማጉያዬን፣ አንጠልጥዬ ልምምድ ቤት ስገባ ቤዝ ተጫዋቻችን «ለልጅህ ነው የገዛሃት?» ብሎ የሳቀብኝን እኔን። የምጽፈው በዚያች «ቀንስ» ሞቅታ ላይ ሆኜ ነውና አንባቢ ቀድሞ ይወቅልኝ።

ዕቃዋ የቲዩብ አምፕ ናት (ቲዩብ እንደ አምፖል እየጋለ ድምፁን የሚያጎላ የመስታወት ብልቃጥ ነው)፤ 15 ዋት፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ ለጉልበቷ ኢኤል84 የሚባሉ ሁለት ቲዩቦች። ክብደቷ 14 ኪሎ ቢሆን ነው። ዋጋዋን አልናገርም፣ ባለቤቴ ይህን ታነባለች። አዲስ አበባ የሸጠልኝ ልጅ ዓይኑ ትልቁ ላይ ነበር። «ወንድሜ፣ ለባንድ ከሆነ ከ100 ዋት በታች እንዳታስብ፤ ከድራም ጋር አትሰማም» አለኝ። ይህችን ያነሳኋት ባሕር ዳር ውስጥ በባጃጅ ስለምንቀሳቀስ ነው እንጂ አውቄ አልነበረም። ጊታሩን ጭኔ ላይ፣ እሷን እግሬ ሥር አድርጌ ከቀበሌ 14 እስከ ሐይቁ ዳር ያለ ተጨማሪ ሂሳብ እደርሳለሁ።

የመጀመሪያው ምሽት ግን ልጁ ትክክል መሰለኝ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ የተያዘ ሰርግ ነበር፣ ድንኳን የሌለው ሜዳ ላይ። ሜዳ ላይ ድምፅ የሚመልስ ግድግዳ የለም፤ የወጣው ሁሉ ወደ ውሃው ይሄዳል። አምፗን መሬት ላይ ከኋላዬ አስቀምጬ ቮልዩሙን 5 ላይ ጀመርኩ። ድራሙ ሲነሳ ራሴን አጣሁት። ወደ 7 ከፍ አደረግሁ፣ ከዚያ 9። የቲዩብ አምፕ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁ አይጨምርም፣ ይሻክራል። ትዝታ ላይ ይሄ ጸጋ ነው፤ የተጎተተችው ኖታ ልክ ዘፋኝ ሳግ ሲይዘው እንደሚሰበረው ትሰበራለች። ችክችካ ላይ ግን ጉድ ነው። ችክችካ ደረቅና ጥርት ያለ ምት ይፈልጋል፤ ከእኔ የሚወጣው ወፍጮ ቤት ነበር። እስክስታው ሞቆ ሳለ ዘፋኟ ዞራ ያየችኝ አስተያየት እስከ ታኅሣሥ አልለቀቀኝም። ልሸጣት ሁለት ሰው አነጋግሬ ነበር።

ያዳናት ያው የሳውንዱ ሰውዬ ነው። ጥር ላይ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ሲደራረብ፣ መሬት ላይ እንዳስቀመጥኳት አይቶ «የምትጫወተው ለጉልበትህ ነው እንዴ? ጆሮህ የት አለ?» አለኝ። ከባሩ ባዶ የቢራ ሳጥን አምጥቶ ላዩ ላይ አወጣትና ፊቷን ወደ ጆሮዬ ቀና አደረጋት። ከስፒከሩ ጨርቅ ፊት አንድ ኤስኤም57 ማይክ ተከለና ወደ ሚክሰሩ፣ የሁላችንም ድምፅ ተቀላቅሎ ወደ ትልልቆቹ ስፒከሮች ወደሚሄድበት ዕቃ፣ ወሰደው። ቮልዩሙን ወደ 4 መለሰው። በቃ። ቀጭኑ ድምፅ ከስፒከር ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው፤ እግር ሥር ከሆነ እግር ይሰማዋል። እንግዳው ጊታሩን የሚሰማው በትልልቆቹ ስፒከሮች ነው፤ የአምፗ ሥራ እኔንና ጎኔ ያለውን ኪቦርድ ማሰማት ብቻ ሆነ። ለዚህ 15 ዋት ይተርፋል።

እንግዲህ ሻጩ፣ ከምሽቱ ጀምሮ በሐሳቤ ስሟገትህ አድሬአለሁ። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ከ15 ወደ 100 ስትወስደኝ የማገኘው 8 ዴሲቤል ገደማ ነው፤ የሰው ጆሮ «እጥፍ ሆነ» የሚለው ደግሞ ወደ 10 ሲጠጋ ነው። ሰባት እጥፍ ሊጠጋ ዋት ብትሸጥልኝ እጥፍ ድምፅ እንኳ አትሰጠኝም ነበር ማለት ነው፣ ወገቤን ሳንቆጥር። አዝማሪው ባንድ ክር የፈረስ ጭራ ሰው ሲያስለቅስ በስንት ዋት ነበር?

ጥፋት የላትም አልልም። መብራት ሄዶ ጀነሬተር ሲነሳ ሌሎቹ ይጀምራሉ፣ እሷ ቲዩቧ እስኪሞቅ ድረስ ዝም፤ እኔ ጣቴን አጣጥፌ ሙሽሮቹን አያለሁ። ጀርባዋ ክፍት ስለሆነም የሐይቁ ትንኝ የቲዩቡን ብርሃን አይቶ ይገባል፣ ይጠበሳል። አንድ ማታ መድረኩ ላይ ፀጉር የተቃጠለ መስሎን ሁላችንም ራሳችንን ዳሰስን። አሁን ከአሮጌ አጎበር ቆርጬ፣ ከቲዩቡ ራቅ አድርጌ፣ ጀርባዋን ሸፍኜዋለሁ። ሚክሰርና ማይክ በሌለበት ቦታ የምትጫወት ከሆነ ደግሞ አትግዛት፣ የጥቅምቱ ወፍጮ ይጠብቅሃል። ቤዝም እንዳትሰካባት፤ ቤዝ ተጫዋቻችን ሁለት ጊዜ ለምኖኝ ሁለት ጊዜ እምቢ ብዬዋለሁ፤ ስፒከሯ አይችልም፣ ሳቁንም አልረሳሁለትም።

ሁዳዴን ከአልጋ ሥር አሳለፈች፣ ከፋሲካ ወዲህ በየሳምንቱ ወጥታለች፤ ከትንኙ በቀር ምንም አላስቸገረችም። የሚቀጥለው ቅዳሜም ሰርግ አለ፣ ቮልዩሟን 3 ላይ አደርገዋለሁ። የቢራ ሳጥኑ የሆቴሉ ነው፤ ከጥር ጀምሮ አብሮኝ በባጃጅ ይዞራል፣ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።