ቤንች ፕሬስ ላይ ክብደት ሲጨመር አርቻችሁ ለሚፈርስባችሁ፦ የሄድኩበት ኮች ሪቪው

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ) አካባቢ ቤንች ፕሬስ (ተኝቶ ባርን ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ሚያሰለጥን አንድ ሀበሻ ኮች ጋር ስመላለስ እንደከረምኩ ያወቃችሁ ልጆች ኢንቦክስ እያረጋችሁልኝ ስለሆነ እዚ ጠቅለል አርጌ ልፃፈው። አርች ምለው ቤንቹ ላይ ስትተኙ ጀርባ እንደ ቀስት ታጥፎ ደረት ከፍ ማለቱን ነው። ስሙን አልጠራም፣ ማሰልጠኑን ከዋናው ስራው ጎን ለጎን ስለሚሰራው በየቦታው እንዲለጠፍ አይፈልግም፣ ቁጥሩን ሚፈልግ ካለ እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ፓወርሊፍቲንግ (ማን ከባድ ያነሳል ሚባልበት) ውድድር መግባት ምታስቡ ከሆነ ወይም ቤንች ላይ ማክሳችሁ (አንዴ መግፋት ምትችሉት ትልቁ ክብደት) አልነቃነቅ ካለ ሂዱ፣ ገንዘባችሁን ያወጣዋል። ደረት ለማሳበጥ ብቻ ጂም ምትሄዱ ከሆነ ግን ይሄን ያህል ማውጣት አያስፈልጋችሁም፣ ዳምቤል በስርአቱ ስሩ ይበቃችኋል።

አንዱ ሴሽን አንድ ሰአት ተኩል ነው 90 ዶላር፣ ከዛ ቪዲዮ እየላካችሁ ሚያርማችሁ የወር ክትትል ደሞ 120። እዚ ሀገር ለብቻ ለሚሰጥ ኮቺንግ ውድ አይባልም፣ ርካሽም ግን አይደለም። ጂሙ ድሮ መጋዘን የነበረ ነው፣ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል፣ መስታወት ሚባል ነገር የለውም። ዕቃው ግን ሌላ ነው። ውድድር ላይ ሚቀርበው አይነት ኮምቦ ራክ (ቤንችና የባር መስቀያ አንድ ላይ ያለው) አለ፣ ካሊብሬትድ ፕሌት (ክብደቱ በትክክል የተለካ ዲስክ) አለ ቀዩ 25 ሰማያዊው 20 ቢጫው 15 ኪሎ፣ ቤንቹም በህጉ ልክ ነው። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የአይፒኤፍ (የአለም አቀፉ ፓወርሊፍቲንግ ፌዴሬሽን) ህግ የቤንቹ ከፍታ ከ42 እስከ 45 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ ከ29 እስከ 32 ይሁን ነው ሚለው፣ ተራ ጂም ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ወይ ይጠባል ወይ ከፍ ይላል ወይ ላዩ ያንሸራትታል። እግር መሬቱን በደንብ ካልያዘ ደሞ አርች ከየት ይመጣል። አጭር ለሆናችሁ ህጉ እግር ስር እስከ 30 ሴንቲሜትር ብሎክ ወይ ፕሌት ማስገባት ይፈቅዳል፣ እዛም ብሎኩ አለ።

እኔ የሄድኩት አርቼ በባዶ ባር ያምርና ከበድ ሲል ግን ባሩ ደረቴ ጋር ሳይደርስ ትከሻዬ ተከፍቶ ደረቴ ስለሚወርድ ነው፣ ይሄ ደሞ የብዙዎቻችሁ ችግር እንደሆነ ከምትልኩልኝ ቪዲዮ አያለሁ። ኮቹ መጀመሪያ ስልክ በቤንቹ ከፍታ ልክ ከጎን አስቀምጦ ቀረፀኝ። ከዛ መዳፉን ከጀርባዬ ስር በትከሻዎቼ መሀል አስገብቶ «እስኪ ጣቶቼን ቆንጥጥልኝ» አለኝ። ቆነጠጥኩ። «እሺ ወንድሜ፣ አሁን ሳትለቅ ትከሻህን ወደ ኋላ ኪስህ አውርደው» አለኝ። ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ከኋላ ይገናኛሉ፣ ከዛ ወደ መቀመጫ በኩል ይወርዳሉ፣ ያኔ ደረት ራሱ ሽቅብ ይነሳል፣ ወገብን ማንም ምንም ሳይለው።

የሱ ትምህርት በሙሉ እዚ ላይ ነው ሚቆመው፣ አርች ሚሰራው ከላይኛው ጀርባ ነው ወገብ ተከትሎ ነው ሚመጣው። ወገቡን ብቻ ለጥጦ ሚተኛ ሰው አይታችኋል አይደል፣ ሆዱ ከፍ ብሎ ደረቱ ግን እዛው ነው ያለው። ባሩ ሚያርፈው ደረት ላይ ነው፣ ሆድ ከፍ ማለቱ አንድ ሴንቲሜትር አያተርፍላችሁም፣ ትርፉ ወገብን መቆንጠጥ ነው። ወገብ ላይ ሹል ህመም ከተሰማ ወዲያው ያስቆማል፣ የዲስክ ችግር ያለበት ሰው ደሞ ሀኪም ሳያማክር አይቀበልም፣ ይሄን ወድጄለታለሁ።

ቅደም ተከተሉን እንደዚ ነው ያስያዘኝ። ትተኛለህ፣ ባሩን ትይዛለህ፣ አይንህ ከባሩ ስር ትንሽ ወደ እግር በኩል ይሆናል። ሁለቱንም እግርህን ቤንቹ ላይ አውጥተህ መቀመጫህን ታነሳና ክብደትህን በሙሉ ወደ ላይኛው ጀርባህ ታሳልፈዋለህ፣ ትከሻህን ምትቆልፈው እዛጋ ነው። ከዛ እግር በየተራ ይወርዳል፣ አንዱ መሬት ይዞ ከረጋ በኋላ ሌላው፣ ሁለቱም ወደ ራስ በኩል ሳብ ተደርገው ከጉልበት ወደ ኋላ ይገባሉ። መጨረሻ ላይ መቀመጫ ቀስ ብሎ ቤንቹን ይነካል። ስራው ሚበላሸው እዚ የመጨረሻዋ ጋር ነው፣ መቀመጫው ሲወርድ ትከሻውም አብሮ ይላላል። ኮቹ ትከሻዬ ያረፈበት ቦታ ላይ ቤንቹ ጠርዝ በቾክ መስመር አሰመረ፣ መቀመጫዬን አውርጄ ትከሻዬ ከመስመሩ ፈቀቅ ካለ «ተነስ እንደገና» ይላል፣ ባሩን አያስነሳህም። የሴሽኑ ግማሽ ያህሉ ያለ ክብደት መተኛትና መነሳት ነው፣ አንዳንድ ሰው ይሄ ይሰለቸዋል፣ ለኔ ግን 90 ዶላሩ የወጣው እዚ ነው።

ስትራፖ ግን ይይዛችኋል፣ ተዘጋጁ። በተለይ የጭን የኋላው ጡንቻ እና መቀመጫ አካባቢ፣ ሰውነት ያለመደው ቦታ ስለሚገባ ነው። በየዙሩ መሀል እያስነሳ ያስዘረጋጋል፣ እየተደጋገመ ሲሄድ ይለቃል።

እግር ላይ ሌላ ያረመኝ ነገር ግፊቱ ወዴት ነው ሚሄደው ሚለውን ነው። ሌግ ድራይቭ ማለት መቀመጫን ወደ ላይ ማንሳት አይደለም፣ ልክ ሌግ ኤክስቴንሽን ማሽን ላይ ቁጭ ብላችሁ እንደምትዘረጉት መሬቱን ወደፊት እየገፋችሁ ሰውነታችሁን ወደ ራስ በኩል መላክ ነው። ትከሻ ቤንቹን ነክሶ ስለያዘ ሰውነት መሄጃ ያጣል፣ ሲያጣ ደረት ይነሳል። ወደ ላይ ከገፋችሁ መቀመጫ ይነሳል፣ መቀመጫ ከተነሳ ደሞ ቀይ መብራት ነው፣ ከሶስቱ ዳኛ ሁለቱ ቀይ ካበሩ ያ ሙከራ አለቀ። አይፒኤፍ ጋር ተረከዝም መነሳት የለበትም፣ ሙሉ እግር መሬት ይንካ ነው፣ አንዳንድ ሌላ ፌዴሬሽን በጣት መቆም ስለሚፈቅድ ኢንስታግራም ላይ ያያችሁትን ሁሉ ከመኮረጃችሁ በፊት ምትወዳደሩበትን ፌዴሬሽን ህግ አንብቡ። እግራችሁን ወደ ኋላ ምትስቡት ተረከዝ እስከማይነሳበት ድረስ ብቻ ነው፣ ተረከዙ ከፍ ያለ የስኳት (ባር ትከሻ ላይ ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ጫማ እዚ ላይ በደንብ ያግዛል፣ እዛ ጂም ሚዋስ ጥንድ አለ ግን ቁጥሩ ትልቅ ነው።

አሁን «አርች ማጭበርበር ነው» ለምትሉት። አዲስ አበባ ጂም ብረት የሰራ ሁሉ ያውቀዋል፣ ትንሽ ደረትህን ከፍ ስታረግ አንዱ መጥቶ ወገብህን አስተኛ ይልሃል፣ እሱም ለደህንነትህ አስቦ ነው። የባሩን ክብደት ግን ሚሸከመው ክንድና ትከሻ ነው፣ እንደ ስኳት አከርካሪን ከላይ ወደታች አይጫንም። ትከሻ ወደ ኋላ ተቆልፎ ደረት ከፍ ሲል ባሩ ሚነካው ዝቅ ያለ የደረት ክፍል ነው፣ ክርን ከጎን ጋር ተቀራርቦ ይወርዳል፣ ትከሻ ላይ ሚመጣው ጫና ይቀንሳል። መንገዱም ያጥራል፣ አዎ፣ ውድድር እስከሆነ ድረስ ህጉ ውስጥ ሆኖ መንገድ ማሳጠር ቴክኒክ ነው። ልኩን ያለፈውን ደሞ አይፒኤፍ ራሱ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ አስተካክሎታል፣ ባሩ ታች ሲደርስ የሁለቱም ክርን የታችኛው ክፍል ከትከሻ መገጣጠሚያ የላይኛው ጫፍ ጋር እኩል ወይም ከዛ በታች መሆን አለበት። ከዛ በፊት በጣም ሰፊ አያያዝ ከትልቅ አርች ጋር ሲደመር ባሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ሚንቀሳቀስባቸው ሊፍቶች ነበሩ፣ በጠቋሚ ጣቶች መሀል ሚፈቀደው እስከ 81 ሴንቲሜትር ነው፣ ያ አሁንም አለ ግን የክርኑ ህግ ስለተጨመረ ሁሉም ሰው እስከ ጥግ መያዝ አያዋጣውም። ኮቹ የኔን ክርን ጥልቀት በቪዲዮ ካየ በኋላ አያያዜን አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ አስገባው። ይሄን አይነቱን ነገር ተራ የጂም አሰልጣኝ አያይላችሁም፣ ስራውም አይደለም።

ደሞ ሁሉም ሰው አንድ አይነት አርች አይኖረውም። አሜሪካዊውን ሊፍተር ጁሊየስ ማዶክስን እዩት፣ በ2021 355 ኪሎ ያለ ቤንች ሸርት (ለመግፋት ሚያግዝ ጠንካራ ልብስ) ገፍቷል፣ ትልቅ አርች የለውም፣ ደረቱ በራሱ ውፍረት መንገዱን ያሳጥርለታል። በሌላ በኩል አሜሪካዊቷ ሊፍተር ጄኒፈር ቶምፕሰን 63 ኪሎ ክብደት ውስጥ ሆና ከ140 ኪሎ በላይ ገፍታለች፣ የሷ ደሞ ከእግር እስከ ትከሻ ሁሉም ነገር የተወጠረ ነው። ኮቹ ይሄን ስለሚያውቅ ሰውን በአንድ ሻጋታ አያስገባም፣ ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ረጅም እና ጀርባው ደረቅ ስለነበር አርቹን ለማሳደግ አላስጨነቀውም፣ ያለውን እንዳይለቅ ብቻ ነው ያሰራው።

የቤት ስራው ቀላል ነው ግን ካልሰራችሁት ሴሽኑ ዋጋ የለውም። ፎም ሮለር (ጠንካራ የስፖንጅ ጥቅል) ከላይኛው ጀርባ ስር በአግድም ታረጋላችሁ፣ መቀመጫ መሬት ላይ፣ እጅ ከራስ በላይ፣ አየር እያወጣችሁ ጀርባ በሮለሩ ላይ እንዲታጠፍ ትለቁታላችሁ፣ ከዛ ሮለሩን ትንሽ ፈቀቅ። ወገብ ስር እንዳታረጉት፣ ወገብ ቀድሞውኑ ይታጠፋል፣ ሚያስፈልገው የላይኛው ነው። ቀጥሎ ብሽሽት፣ አንድ ጉልበት መሬት ላይ ሆኖ መቀመጫን ጨብጦ ወደፊት መግፋት። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምንውል፣ በተለይ ኡበር ለምትነዱ ልጆች፣ እግር ወደ ኋላ አልሳብ ሚለው ብሽሽት ስለተያዘ ነው። ባሩን መቀበልም አለ፣ ከራኩ ላይ ወደ ላይ ገፍተህ ካነሳኸው የቆለፍከው ትከሻ እዛው ይፈታል፣ ስለዚ ራኩ ዝቅ ይደረግና አንድ ሰው ያቀብልሃል፣ አንተ በክንድህ ወደ ደረትህ በላይ ትስበዋለህ እንጂ አትገፋውም። ትልቅ አየር ስበህ ይዘህ ታወርደዋለህ፣ ደረት ላይ ሲረጋ ዳኛው «ፕሬስ» (ግፋ) እስኪልህ ትጠብቃለህ። ልምምድ ላይም ኮቹ እንደ ዳኛ ስታርት፣ ፕሬስ፣ ራክ እያለ ነው ሚያሰራው፣ ትእዛዙ ጆሮ ውስጥ ይገባል።

ሀበሻ መሆኑ ደሞ ጥቅም አለው። ሁዳዴ ላይ ስለነበርኩ ከባድ ከባዱን ከፋሲካ በኋላ አስገፋው፣ በፆሙ ወቅት ሴታፕ (አተኛኘቱን ማስተካከል) እና ቀላል ክብደት ላይ ቆየን፣ ምንም ማብራራት አላስፈለገኝም።

ማልወደው ክትትሉን ነው። ቪዲዮ ልካችሁ መልስ እስኪመጣ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል፣ ቅዳሜና እሁድ ጨርሶ አይመልስም፣ የሰኞ ልምምዳችሁን ያለ እርማት ትሰሩታላችሁ። ሲመልስ ጥሩ ይመልሳል፣ ቪዲዮውን አቁሞ በጣቱ እያሳየ በድምፅ ነው ሚያስረዳው፣ ግን 120 ዶላር ለተከፈለበት ነገር ፈጠን ማለት አለበት፣ ለራሱም ነግሬዋለሁ። ስለዚ ምክሬ ሴሽኑን በአካል ውሰዱ፣ የወሩን ክትትል መጀመሪያ ላይ አትግዙ። ራሳችሁን ከጎን ቀርፃችሁ የትከሻውን ቦታ ማየት ከቻላችሁ ለተወሰነ ጊዜ ይበቃችኋል፣ ከዛ ሲቆምባችሁ ሌላ ሴሽን ትይዛላችሁ።

ምትሄዱ ከሆነ የጥጥ ቲሸርት ልበሱ፣ ናይሎኑ ቤንቹ ላይ ያንሸራትታል። ያላችሁን ቪዲዮ ቀድማችሁ ላኩለት። የስራ ቀን ማታ ያዙ፣ ቅዳሜ ጠዋት ኮምቦ ራኩ ላይ ወረፋ ስላለ ሰአታችሁ በመጠበቅ ያልቃል።