ከመጠለያ የተረከብኩት ቴሪየርና የአጥሩ ነገር

ባለፈው ኅዳር፣ ከአራት ኪሎ ብዙም በማይርቅና ጥቂት በጎ ፈቃደኞች በሚያንቀሳቅሱት የውሻ መጠለያ ቡቺ የሚባል አንድ ጎልማሳ ቴሪየር ተረክቤ ቀበና ወዳለው የእናቴ ግቢ ወስጃለሁ። የቀድሞ ባለቤቶቹ ሰፈራቸው ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም እንደገቡና ውሻው መንገድ ላይ እንደቀረ ተነግሮኛል። አገልግሎታቸውን በጥቅሉ ወድጄዋለሁ፤ ቅሬታዬ አንድ ብቻ ቢሆንም ቀላል አይደለም።

የወደድኩት ውሻውን ለመስጠት አለመቸኮላቸውን ነው። ስለ ቡቺ ከመናገራቸው በፊት ቀን ቀን ቤት የሚውለው ማን እንደሆነ፣ ሕፃን መኖር አለመኖሩን፣ ውሻው ይታሰር እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ከዚያም ሁለት ወጣቶች ግቢውን ለማየት መጡ። «እማማ፣ ውሻው ቤት ይገባል?» ሲሏት እናቴ «ሥዕሉ ካለበት ክፍል አይገባም፤ በረንዳው ግን የእሱ ነው» አለቻቸው፤ እነሱም ሳይከራከሩ መዘገቡት። ከእኔ በፊት የመጣ አንድ ሰው በር ላይ በሰንሰለት አስሮ ለጥበቃ ሊያውለው ፈልጎ እንደተከለከለ ሰምቻለሁ፤ በዚህም ትክክል ናቸው እላለሁ። ቴሪየር ብሪታንያ ውስጥ አይጥና ቀበሮ ከጉድጓድ እንዲያወጣ የተራባ ዘር በመሆኑ፣ ታስሮ ሲውል ጉልበቱን የሚያወጣው በጩኸት ነው፤ ሌባን ለማስፈራራትም ቁመቱ አይረዳውም።

ቅሬታዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እነዚያ ወጣቶች የአጥራችንን ከፍታ በሜትር ለክተው «በቂ ነው» ብለው ሲሄዱ፣ የቆርቆሮው ግርጌ ያረፈበትን ልል አፈር ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም። የዘሩ ስም እንኳ የመጣው መሬት ከሚለው የላቲን ቃል ነው። ቡቺ በአምስተኛው ቀን ከቆርቆሮው ሥር ምሶ ጎረቤት ገባና ሁለት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ፈጀ። የዶሮዎቹን ዋጋ ከፍዬ፣ በቀን ሠራተኛ የአጥሩን ግርጌ አስቆፍሬ ድንጋይ አስቀበርኩ። መጠለያው ስደውልለት የሁለት ሳምንቱ የሙከራ ጊዜ ስላላለቀ ውሻውን መመለስ እንደምችል በትሕትና ነገረኝ፤ ስለ አጥሩ ግን ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም።

በጤናው በኩል የምነቅፈው የለኝም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የሌለው ያህል በመሆኑ የክትባት ካርዱን ደጋግሜ አየሁት፤ በሐኪም የተፈረመና ቀጣዩ ክትባት የሚሰጥበት ቀን የተጻፈበት ነው። ውሻውም መክኖ ነው የተሰጠኝ። ለውሻው ዋጋ የለውም፤ ለክትባቱና ለማምከኑ ያወጡትን እንድጋራ ብቻ ተጠይቄያለሁ።

ስለ ምግቡ የሰጡኝ ምክር ከሁሉም በላይ ጠቅሞኛል። በእኛ ቤት ውሻ የሚያድገው በትራፊ ነው፤ ነገር ግን ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚጎዳ ወጥ የነካው እንጀራ፣ የጾሙ ሽሮም ጭምር፣ እንዳይሰጠው፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ስለሚችል እንዳይቀርብለት አስጠንቅቀውኛል። እናቴ ይህን ለመቀበል ጊዜ ወስዶባታል። ቅንጥብጣቢ ከሥጋ ቤት ገዝቶ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ከሩዝ ጋር መቀቀል ለእኛ ተስማምቶናል፤ ችግሩ የመጣው 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም የሰፈራችን ሥጋ ቤት ሲዘጋ ነው። ያን ጊዜ የተቀቀለ እንቁላል ተክቼለት ከረምኩ።

ግቢ ለሌለው ሰው ይህን ዘር አይሰጡም፤ ደጋግሞ የማያወጣውን ሰው በዚህ መከልከላቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ጠዋትና ማታ በእግር ሊያንሸራሽረው የሚችል ጡረተኛ አብሮ መከልከሉ አይዋጥልኝም። ስልካቸው ከሰዓት በኋላ እምብዛም ስለማይነሳ በጠዋት መደወል ይሻላል፤ ሊያዩ ሲመጡም አካፋ ይዞ አጥሩ ግርጌ መጠበቅ ነው።