የፀሐይ ውሃ ማንጠሪያ፦ ፕላስቲኩ ወይስ መስታወቱ?

እዚህ መተሐራ ጓደኞቼ የሚደውሉልኝ ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «የቱን እንግዛ?» ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። መስታወቱን ያዙ።

የእኛ የጉድጓድ ውሃ ችግሩ ጨውና ፍሎራይድ ነው። ማፍላት አያጠፋቸውም፤ ውሃው በቀነሰ ቁጥር እንዲያውም ይበረታሉ። የሸክላ ማጣሪያም ጨው አይዝም። ውሃው ተንኖ፣ ጨዉን ከታች ጥሎ መውጣት አለበት። ማንጠሪያ ይህን በፀሐይ ሙቀት ይሠራል፤ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ጤዛ ሆኖ ይሰበሰባል።

ፕላስቲኩ ጃንጥላ የሚመስለው ነው። በ5,600 ብር ገዛሁት። «በቀን 2 ሊትር» ተብዬ ነበር፤ ያገኘሁት በአማካይ 0.7 ሊትር ነው። ፕላስቲክ ላይ ጤዛው ጠብታ ይሠራና ተመልሶ ጨዋማው ውሃ ውስጥ ይወድቃል። በ7ኛው ወር ቢጫ ሆኖ ተሰነጠቀ። የሚጠግን ሰው ፈልጌ አጣሁ። ሳሰላው 140 ሊትር ገደማ ነው የሰጠኝ። ሊትሩ 40 ብር! የታሸገ ውሃ ብገዛ ይሻለኝ ነበር። አሁን ደግሞ ፎርጅዱ መጥቷል፤ በጣም ስስ ስለሆነ በጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል።

መስታወቱ ብየዳ ቤት ያሠራሁት፣ ክዳኑ መስታወት የሆነ 1 ካሬ ሜትር ሳጥን ነው። ላሜራና ብየዳ 5,200፣ መስታወት 1,900፣ ፎም 800፣ ሲሊኮን 1,000፤ በድምሩ 8,900 ብር። በአማካይ በቀን 3 ሊትር ይሰጣል። መስታወት ላይ ጤዛው ተዘርግቶ ንጹሁን ውሃ ወደሚሰበስበው ቦይ ይፈሳል። አንዴ የልጆች ኳስ ሰበረው፤ በ1,900 ብር በዕለቱ ተቀየረ። ይኸው ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ጥገናውን ጨምሮ ሊትሩ ከ5 ብር በታች ወርዷል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ በቺሊ አታካማ በረሃ፣ ላስ ሳሊናስ፣ በ1872 እ.ኤ.አ. የተሠራው የእንጨትና የመስታወት ማንጠሪያ በቀን ወደ 23,000 ሊትር ይሰጥ ነበር።

ሲሊኮን ላይ ግን አትቆጥቡ። ርካሹን ቀብቼ በሁለት ሳምንት በሙቀት ተላቀቀ፤ እንፋሎቱ ሁሉ በስንጥቁ ወጣ። ለዓሣ ገንዳ የሚሆነውን ጠይቁ። የሳጥኑ ውስጥ የሚቀባውን ጥቁር ቀለም ደግሞ ባዶ ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አቆይታችሁ በደንብ አድርቁት። እኔ ቸኩዬ የመጀመሪያው ውሃ ቀለም ቀለም ሸተተኝ፤ ሁሉንም ደፋሁት። ጨዉ እንዳይጋገር በየሳምንቱ እጠቡት።

ለአምስት ሰው መጠጥ በቀን 10 ሊትር ግድ ይላል። እኔ ሁለት ሳጥን አለኝ፤ ሦስተኛው ብየዳ ቤት ነው።