ግራፊክስ ታብሌት ልትገዙ ነው? ፔኑን በእጃችሁ ሳትሞክሩ ብር እንዳትከፍሉ

ከማውስ ወጥታችሁ ወደ ግራፊክስ ታብሌት (ከኮምፒውተር ጋር ተሰክቶ በፔን የሚሳልበት ሰሌዳ) ልትገቡ ያሰባችሁ ሁሉ ይሄን አንብቡ። ትናንት 14 ሺህ ብር ተበላሁ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሌባ ተባልኩ። ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ሱቁ መገናኛ ካሉት ህንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ገና ደረጃውን ሳትጨርሱ «እህቴ፣ ምን ልስጥሽ?» የሚሉት ናቸው። የጠየቃችሁት ዕቃ ሁሉ አለ። ከሌለም «ስቶር አለ፣ አምስት ደቂቃ» ይባልና አንድ ልጅ ይላካል። የሚመጣው ሁሉ ኦሪጅናል ነው። የሚጠራው ዋጋ ሁሉ የመጨረሻ ነው።

እኔ ለዓመታት የሳልኩት በማውስ ነው። የልጆች መጽሐፍ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የእንቁጣጣሽ ፖስተር፣ ሁሉንም። በማውስ የሳለ ያውቀዋል። ማውስ መጫንና አለመጫን እንጂ ሌላ ነገር አይገባውም። ቀጭን ጀምሮ የሚወፍር መስመር ከፈለጋችሁ ጠርዙን ነጥብ በነጥብ እየጎተታችሁ ማስተካከል ነው። የአንድ ቀሚስ ጥበብ ስሠራ አድሬ የእጄ አንጓ አብጦ ያውቃል። ታብሌት ላይ ግን ፔኑ የእጅን ግፊት ያውቃል። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ 8192 የግፊት ደረጃ አላቸው። ቀለል አድርጋችሁ ስትነኩት መስመሩ ይሳሳል፣ ስትጫኑት ይወፍራል። ለኔ ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ የምበላበት ሥራ ነው።

ዋጋው ሁሌም ይርቀኝ ነበር። ሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የት እንደደረሰ ለናንተ አልነግርም። ከአንድ የልጆች መጽሐፍ ያገኘሁትን ክፍያ ሳልነካ ይዤ ነው የሄድኩት።

ጠረጴዛው ላይ ለናሙና የተቀመጠ ታብሌት አለ፣ ከላፕቶፕ ጋር ተሰክቷል። ሻጩ ፔኑን ሰጠኝና ሞከርኩት። ይሠራል፣ እጄ ላይም ደስ ይላል። «ካንተ ጋር ያለው አዲሱም ይሄው ነው?» አልኩት። «ራሱ ነው እህቴ፣ እሽግ!» አለ። ካርቶኑ መጣ። ከፍቼ ልየው ስል «እሽጉ ከተቀደደ ተሸጠ ማለት ነው፣ መጀመሪያ ክፈይ» አለኝ። ይሄን ወግ የማያውቅ የለም፣ ብዙ ሱቅ እንዲህ ነው። በቴሌብር ላክሁለት። ካርቶኑን ልከፍት ስል ግን ሌላ ደንበኛ መጣና ጠረጴዛው ተያዘ። «ቤትሽ ገብተሽ ተዝናኚበት» ብሎ ሸኘኝ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። የታብሌቱ መብራት በራ። ፔኑ ግን ምንም። ከርሰሩ (ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት) ንቅንቅ አላለም። ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከታብሌቱ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርጄ ጫንኩ። ምንም። የላፕቶፑን ቀዳዳ ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ የወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ምንም።

ከዚያ ፔኑን አገላብጬ አየሁት። ካርቶኑ ላይ ፔኑ ባትሪ እንደማያስፈልገው በትልቁ ተጽፏል። የተሰጠኝ ፔን ግን ጀርባው ሲዞር ይከፈታል። ውስጡ የቀጭን ባትሪ ቦታ ነው፣ ሽቦዋ ዝጋለች። በካርቶኑ ውስጥ የመጡትን መለዋወጫ የፔን ጫፎች ልሰካበት ብል ቀዳዳው ይሰፋቸዋል፣ ወዲያው ይወድቃሉ። የሌላ ታብሌት፣ ያውም የድሮ፣ ፔን ነው ያስገቡልኝ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ባትሪ የሌለው ፔን ኃይሉን የሚያገኘው ከታብሌቱ ነው። ታብሌቱ ከሥር የማግኔት ሞገድ ይልካል፤ ፔኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ጥቅል ሽቦ ተቀብላ ምልክት ትመልስለታለች። ሁለቱ ካልተግባቡ ፔኑ ተራ ፕላስቲክ ነው። ዋኮም፣ ሁዮንና ኤክስፒ-ፔን የታብሌት አምራቾች ናቸው፤ የዋኮም ፔን ሁዮን ላይ፣ የሁዮን ኤክስፒ-ፔን ላይ አይሠራም። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ የአንዱ ሞዴል ፔን ለሌላው ላይሆን ይችላል። ይሄን እነዚያ ሻጮች አያውቁም ብላችሁ እንዳታስቡ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት ደረስኩ። ትናንት «እህቴ» ሲለኝ የዋለው ሰውዬ ቀና ብሎም አላየኝ። ታብሌቱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አንተው አሠራው አልኩት። በራሱ ላፕቶፕ ሰካው። የኔን ፔን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ። ምንም። «ድራይቨር ነው» አለ። ድራይቨሩ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው፣ የናሙናው የሚሠራው በምን ሆነና! ይሄንኑ ነገርኩት። «ከቤትሽ ቫይረስ ይዞ መጥቶ ይሆናል» አለ። ታብሌት ቫይረስ ይዞ።

ይሄን እያለኝ፣ ዕቃ የሚያመላልሰው ልጅ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ለመርዳት አስቦ መሰለኝ፣ የናሙናውን ፔን አነሳና የኔ ታብሌት ላይ አስጠጋው። ከርሰሩ ተንቀሳቀሰ። ልጁ መስመር አሰመረ፣ ተሰመረ። እኔ አየሁ። ልጁ አየ። ሰውዬውም አየ። ታብሌቱ ደህና ነው፣ ትክክለኛው ፔን ደግሞ እዚያው ልጁ እጅ ላይ ነው። እንደውም ከኔ ካርቶን የወጣው ፔን ራሱ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ። «በቃ፣ ይሄን ስጡኝና ልሂድ» አልኩ።

ሰውዬው ፔኑን ከልጁ እጅ ነጠቀው። መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ቁልፉን አዞረ። «የናሙና ነው፣ አይሸጥም» አለ። ከዚያ ፊቴን እያየ፣ «ደግሞስ አንቺ ፔኑን ቤትሽ ቀይረሽ እንዳላመጣሽ በምን አውቃለሁ?» አለኝ።

በሱቅ ሙሉ ሰው ፊት። ለመመለስ እንኳ ቃል አጣሁ። እሱ ግን አልጨረሰም። «ፔን ለብቻው ከፈለግሽ አስመጣልሻለሁ፣ 4,500 ብር» አለ። ከጎኑ ያለው ባልደረባው ደግሞ «በማውስ መሳል ምን አላት?» ብሎ ሙድ ያዘብኝ፣ ሁለቱም ሳቁ። ልጁ ብቻ ነው አንገቱን የደፋው። በኋላ ስንት እንደተቆጣ እንጃ፣ ለሱ አዘንኩ።

ደረሰኙን አውጥቼ አሳየኋቸው። ለካ እሱንም አስበውበታል። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የኮምፒውተር ዕቃ፣ 1» ብቻ ነው። ሞዴል የለም፣ ፔን የሚል ቃል የለም። ከሥሩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማህተም አለ። ማህተሙን በጣቱ እየጠቆመ «ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አለኝ።

አዎ፣ ማንበብ እችላለሁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚለውንም አንብቤያለሁ። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት አለው። አንድ ባለሱቅ ማህተም ስላስቀረጸ አዋጅ አይሻርም። ይሄን ስነግረው «ሂጂና ክሰሺ» አለ፤ ደህና አድርጎም ያውቃል፣ አብዛኛው ሰው ለአንድ ፔን ብሎ ቢሮ ለቢሮ አይንከራተትም።

ልትገዙ ካላችሁ የራሳችሁን ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱ። ክሪታ የሚባለው የመሳያ ፕሮግራም ነጻ ነው፣ ቀድማችሁ ጫኑት። ብር ሳትልኩ የምትወስዱት ካርቶን ራሱ ይከፈት፤ ከውስጡ በወጣው ፔን ቀጭንና ወፍራም መስመር አስምሩ። የናሙናውን እርሱት። የታብሌቱና የፔኑ ሞዴል ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፍ። «እሽግ ነው አይከፈትም» ካሏችሁ ውጡ፣ ሌላ ሱቅ አለ።

እኔ ነገ ካርቶኑን፣ የዛገውን ፔንና ደረሰኙን ይዤ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። የቴሌብሩ መልእክትም ስልኬ ላይ አለ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎበታል። ከዚያው ሱቅ እንዲሁ የተሸወዳችሁ ካላችሁ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናመልክት።